ሕይወትን መጻፍ፦ ስለ ግል ወግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን የጻፍነውን እርስ በርስ እናነባለን፤ አዲስ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን እነዚህን ነው።

የግል ወግ ምንድን ነው? ከግለ ታሪክ በምን ይለያል?

ግለ ታሪክ ሕይወትን ከልደት ጀምሮ ይዞ ይሄዳል፦ የት ተወለድኩ፣ የት ተማርኩ፣ መቼ ተሾምኩ። የግል ወግ አንድ ነገር ብቻ ያነሳል። አባት ሥራ ያጣበት ክረምት። ከእህት ጋር የተኳረፉበት ዓመት። ከአረብ አገር ተመልሶ እናት ቤት ያደሩበት የመጀመሪያው ሌሊት። ያንን ይዞ ዙሪያውን ይዞራል፣ ይህ ነገር ምን አደረገኝ ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ላያገኘው ይችላል፤ አንባቢ የሚከተለው ግን ፍለጋውን ነው።

የዚህ አጻጻፍ አባት እየተባለ የሚነሳው ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሞንቴኝ ነው። የልብ ጓደኛው እ.ኤ.አ. በ1563 ሞተበት። ከዓመታት በኋላ ሥራውን ትቶ ቤቱ ተቀመጠና ስለ ሕመሙ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ጓደኝነት ይጽፍ ጀመር፤ የመጀመሪያው እትም በ1580 ወጣ። አንድ ሰው ራሱን ርእስ አድርጎ እንዲህ መጻፉ ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ ወግ አለ። እንደ መስፍን ሀብተማርያም ያሉ ጸሐፊዎች ተራውን የከተማ ኑሮ በወግ አስነብበውናል፤ በጦቢያ ግጥም በጃዝ መድረክም ከግጥሙ ጎን ወግ ሲቀርብ ቆይቷል። ልዩነቱ፣ ወጋችን ብዙ ጊዜ ወደ ጨዋታና ወደ ሳቅ ያደላል። እዚህ የምናወራው ግን የራስን ቁስል ስለሚነካው ወግ ጭምር ነው።

ታዋቂ ሰው አይደለሁም። የኔን ሕይወት ማን ያነበዋል?

ይህን የማይጠይቅ የለም። አንባቢ የሚፈልገው ግን ስማችሁን አይደለም።

ሸገር ኤፍኤም 102.1 ላይ የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» የሚያዳምጥ ሰው የምለውን ያውቃል። እንግዳው ትልቅ ሰው ይሆናል፣ የሠራው ሥራ ተዘርዝሮ አያልቅም፤ በማግስቱ ታክሲ ውስጥ የሚወራው ግን ልጅ ሆኖ ስለለበሰው የወንድሙ ኮት፣ ወይም ስላሳደገችው አክስቱ ነው። ሰው የሚይዘው የራሱን ሕይወት የሚነካውን ጫፍ ነው። ያ ጫፍ ደግሞ እናንተም ጋ አለ።

እንዲያውም ታዋቂ አለመሆን ይጠቅማል ባይ ነኝ። ታዋቂ ሰው የሚጠብቀው ስም፣ የሚፈራው ደጋፊ፣ የሚመልስለት ተቺ አለው። እናንተ እውነቱን ለመናገር ከሱ የበለጠ ነፃ ናችሁ።

የማላውቀው ሰው ታሪክ ለምን ያስለቅሰኛል? በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞተ ሲባል ግን ዝም ብዬ አልፋለሁ።

ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም። የሰው ልብ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ዴቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለተሳታፊዎች አምስት አምስት ዶላር ሰጡና መርዳት ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ለአንዳንዶቹ በአፍሪካ ስላለው ረሃብ ቁጥሮች አሳዩ። ለሌሎቹ ሮኪያ ስለምትባል የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ ብቻ ነገሩ። ቁጥሮቹን ያዩት በአማካይ 1.14 ዶላር ሰጡ፣ ስለ ሮኪያ ያነበቡት 2.38። በጣም የሚገርመኝ ሦስተኛው ቡድን ነው፤ የሮኪያን ታሪክም ቁጥሮቹንም ሲያገኙ 1.43 ብቻ ሰጡ። ቁጥሩ ሲጨመር ርኅራኄው ቀነሰ።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ይህን በራሱ ቀምሶታል። የሟቾቹን ብዛት ማንበብ አንድ ነገር ነው። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፎቶዎች መሃል ጸጉሯን ጎፈሬ ያደረገች፣ ምናልባት ከእናንተ ልጅ የማትበልጥ አንዲት ተማሪ ፊት መቆም ሌላ ነገር ነው።

ታሪክ ሲነገር አእምሮም ውስጥ የሚታይ ነገር አለ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ዩሪ ሃሰንና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴት የራሷን ገጠመኝ ስትተርክና ሌሎች ሲያዳምጡ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ መዘገቡ። የአድማጮቹ አንጎል የተራኪዋን ተከትሎ ይሄድ ነበር፣ ታሪኩን በደንብ የተረዱት ደግሞ ይበልጥ ተመሳሰሉ። ታሪኩ በማያውቁት ቋንቋ ሲሆን መመሳሰሉ ጠፋ። ለኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፦ አንባቢ ካልገባው አይነካም። ግልጽ መጻፍ የስሜት ጉዳይም ነው።

ስሜቴን እንዴት ልግለጽ? «በጣም አለቀስኩ» ማለት አይበቃም?

አይበቃም። ስሜቱን ስትጠሩት ሥራውን እናንተ ጨረሳችሁት፣ ለአንባቢ የቀረለት ነገር የለም።

አንዲት ልጅ ያመጣችው ጽሑፍ መጀመሪያ እንዲህ ይል ነበር፦ ሰፈራችን ሲፈርስ እናቴ ልቧ ተሰበረ፣ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ብቸኝነቱ ጎዳት። ሁሉም እውነት ነው። ማንንም ግን አልነካም። «እናትሽ ብቸኛ መሆኗን በምን አወቅሽ?» ብለን ጠየቅናት። ትንሽ አሰበችና ነገረችን። ድሮ ካዛንችስ እያሉ፣ ቡናው ሊደርስ ሲል እናቷ በዘነዘና ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፣ ጎረቤቷ ትሰማና ትመጣለች። አዲሱ ቤት በገቡ በሳምንቱ እናቷ ቡና አፍልታ ግድግዳውን መታች። ከማዶ ያለው ወጣት መጥቶ በሩን አንኳኳና «ይቅርታ እማማ፣ ቴሌቪዥኑን እቀንሰዋለሁ» አለ። ይህን ስትነግረን አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይናቸውን ጠረጉ። ብቸኝነት የሚለው ቃል አልተነሳም። እንዲያውም ልጁ ጨዋ ነው፣ ማንም ማንንም አልበደለም፤ የሚያመውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ «አዘንኩ» ብላችሁ በጻፋችሁ ቁጥር ቆም በሉና በምን አወቅኩ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ምን አያችሁ፣ ምን ተባለ፣ እጃችሁ ምን ይዞ ነበር? ሰው የተናገረውን በራሱ አነጋገር አስቀምጡት፣ አታሳምሩት። የነገሩን ስም ጥሩ፦ «ዕቃ» ከማለት ጀበና፣ «መኪና» ከማለት ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ። «እንባዬ እንደ ጎርፍ ወረደ»፣ «ቃላት ያጥሩኛል»፣ «ልቤ በሐዘን ጦር ተወጋ» የሚሉትን ተዉአቸው፣ ሺህ ሰው ስለተጠቀመባቸው የእናንተን ሐዘን ከሌላው መለየት አይችሉም። ዝርዝር ስል ግን ሁሉንም ማለቴ አይደለም። የመጋረጃው ቀለም፣ የሶፋው ብዛት፣ የአየሩ ሁኔታ ተደርድሮ አንባቢን ያደክማል። እዚያ ያልነበረ ሰው ሊገምተው የማይችለውን አንዷን ዝርዝር ፈልጉ። ዘነዘናውን ማንም አይገምተውም።

ከየት ልጀምር?

ከመሃል። «የተወለድኩት በ…» ብላችሁ አትጀምሩ። ነገሩ ከተከሰተበት ቀን፣ ከዚያም ቀን ውስጥ ከምታስታውሱት የመጀመሪያ ምስል ወይም ንግግር ጀምሩ። የጎደለውን ታሪክ አንባቢ ሲያስፈልገው ትነግሩታላችሁ። የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ የተጻፉ የመጀመሪያ ሁለት አንቀጾች ብዙ ጊዜ መሟሟቂያ ናቸው፤ ቆርጣችሁ ሞክሩትና እዩት።

ምን ያህል ይርዘም?

ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ትዕግሥቱ እዚያ አካባቢ ያልቃል። ይዘቱ ከጠየቀ ግን ይርዘም፣ ሕግ የለውም።

በደንብ የማላስታውሰውን እንዴት ልጻፍ? ፈጠርኩ አይባልም?

ማንም በደንብ አያስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ሰማይ ላይ ፈነዳች። በማግስቱ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ዜናውን የት ሆነው እንደሰሙ እንዲጽፉ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኡልሪክ ናይሰር አደረገ። ሁለት ዓመት ተኩል አልፎ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ቦታውንም የነገራቸውንም ሰው ተሳስተው መለሱ፣ ያውም በሙሉ እርግጠኝነት። የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ እንኳ የድሮው ትዝታ አልተመለሰላቸውም። እንዲህ ከሆነ «አስታውሳለሁ» የምንለውን ሁሉ ትንሽ ልንጠራጠረው ይገባል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የማታስታውሱትን አትፈልስሙ፣ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ እዚያው ተናገሩ። «ዝናብ ነበር መሰለኝ» ማለት ድክመት አይደለም፤ አንባቢ ከዚያ በኋላ በእርግጠኝነት የምትሉትን ይበልጥ ያምናችኋል። ወንድማችሁ ሌላ ዓይነት ካስታወሰው የሱንም ጻፉት። እማማ «ኧረ ያን ቀን እኔ አልነበርኩም» ካለች ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽሑፉን ልታድነው ትችላለች።

ሊጣራ የሚችለውን ግን አጣሩ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል፤ የድሮ ጋዜጦችን ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ገብታችሁ ማገላበጥ ትችላላችሁ። ስድስት ኪሎ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። የአብዮቱን ዘመን ልጅነት የሚጽፍ ሰው የሰዓት እላፊውን ወሬ ከትዝታው ብቻ ባይቀዳ ለራሱም ይጠቅመዋል፣ ጋዜጣው የረሳውን ነገር ይቀሰቅስበታል።

መጻፍ ሐዘንን ያሽራል ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት 46 ተማሪዎችን በየቀኑ ለ15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት አስጻፉ። ከፊሎቹ ስለ ተራ ነገር፣ ከፊሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. 146 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፣ በአማካይ ግን ትንሽ ነው ብሏል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ይኸኛው ነው፦ እነዚያ ተማሪዎች ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ባሰበት እንጂ አልተሻለም። ስለዚህ ጽፋችሁ በነጋታው ከከበዳችሁ አትደንግጡ። ፔኔቤከር በኋላ እንዳየው ይበልጥ የተጠቀሙት በቀን በቀኑ «ምክንያቱም»፣ «ገባኝ»፣ «አሁን ሳየው» የሚሉ ዓይነት ቃላትን እየጨመሩ የሄዱት ናቸው። ያንኑ ምሬት በየቀኑ መገልበጥ ያን ያህል አልረዳም።

ከባድ ጥቃት የደረሰባችሁ ሰዎች ግን እባካችሁ ብቻችሁን አትግቡበት። እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ የሆነው ነገር ዓይናችሁ ላይ እየመጣ ከመጻፋችሁ በላይ ካሠቃያችሁ አቁሙና ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ አማኑኤልም ሆነ ሌላ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም አነጋግሩ። ወጉ ይቆያል፣ የትም አይሄድም።

መቼ ልጻፈው? ሐዘኑ ትኩስ እያለ ወይስ ሲበርድ?

ማስታወሻውን ትኩስ እያለ፣ ወጉን ሲበርድ። ሰው ከሞተ በሁለተኛው ቀን ማን ምን እንዳለ፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለ፣ ንፍሮውን ማን እንዳመጣ ያዙ፤ ከወራት በኋላ ይህ አይገኝም። ለሰው የሚነበበውን ግን ቆዩበት። ትኩስ ሐዘን ሁሉንም ሰው ወይ ቅዱስ ወይ ሰይጣን ያደርጋል። ሟቹ አባታችሁ ደግ እንደነበረም፣ አንዳንዴ እንደሚያስፈራም በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ስትችሉ ያን ጊዜ ደርሳችኋል።

ያደግኩበት ሰፈር ፈርሷል። የሌለ ቦታ እንዴት ይጻፋል?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በጣም የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር ተነካ፤ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንችስ ሆነ። እነዚያ ሰፈሮች ውስጥ ያደገ ሰው ዛሬ ሄዶ «ቤታችን እዚህ ጋ ነበር» ለማለት መነሻ የሚሆን ግንብ እንኳ ያጣል፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና የብስክሌት መስመር ነው የሚያየው። እዚያ ቆሞ አቅጣጫ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው መጻፍ ቅንጦት አይደለም።

መጀመሪያ ካርታ ሥሩ። በወረቀት ላይ፣ በእጅ። ከበራችሁ ተነስታችሁ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ እስከ ቦኖው፣ እስከ ጋራ መጸዳጃው። ስትስሉ ስሞች ይመጣሉ፣ ከስሞቹ ጋር ሰዎች ይመጣሉ። ከዚያ የድሮ ጎረቤት ፈልጋችሁ ካርታውን አሳዩ። «አይ፣ የልብስ ሰፊው ቤት በዚህ በኩል ነው» ሲሏችሁ የሚነሳው ክርክር ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል። ከየሰፈሩ የተበተነው ሰው ዛሬ በተለያየ የከተማዋ ጫፍ ነው ያለው፤ ለዕድር ወይም ለለቅሶ ሲገናኝ ጠብቁና ጠይቁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰፈሩን ገነት አታድርጉት። ክረምት የሚያፈሰው ቆርቆሮ፣ ለሃያ አባወራ አንድ መጸዳጃ፣ ማታ የሚሰማው የሰካራም ጠብ ነበር። አብሮት ደግሞ የታመመን ልጅ ሌሊት ተሸክሞ የሚሮጥ ጎረቤት ነበር። ሁለተኛውን ብቻ ከጻፋችሁ እዚያ የኖረ ሰው አያምናችሁም፣ ያልኖረውም ምን እንደጠፋ አይገባውም። ቤቱ የሚያፈስ መሆኑን አውቆ ነው ሰው ያለቀሰው። ይህንን ነው መጻፍ ያለብን።

የቤተሰብ ገበና አደባባይ ማውጣት ነውር አይደለም?

አንዳንዴ ነውር ነው። ይህን ጥያቄ «ጸሐፊ ነፃ ነው» ብሎ መዝለል አልወድም። ያደግነው «የቤትን ነገር እቤት» እየተባልን ነው፣ ሆድ ይፍጀው ብለን የምናልፈው ብዙ ነው፣ ይህም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአንድ ግቢ ተጠጋግቶ የኖረ ሰው ጆሮው የሰማውን ሁሉ ቢያወራ ኖሮ አብሮ መኖር ባልቻለ።

ግን ዝምታው ማንን እንደሚጠብቅም ጠይቁ። አንዳንዱ ዝምታ ደካማውን ይሸፍናል፦ የእህትሽን ሕመም፣ የአባትህን የመጨረሻ ቀናት፣ አክስታችሁ ያላገቡበትን ምክንያት። ይህ የነሱ ነው፣ ፈቃዳቸውን ይጠይቃል። ሌላው ዝምታ ደግሞ የበደለውን ይሸፍናል፦ የሚደበድበውን፣ ከሠራተኛዋ ልጅ ወልዶ የካደውን። እዚህ ላይ ዝም በሉ የሚሏችሁ ሽማግሌዎች ሁሉ ትክክል አይደሉም።

እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ ታሪኩ የማን ነው? የወንድሜ መታሰር የወንድሜ ታሪክ ነው። እኔ በየሳምንቱ ስንቅ ይዤ ስመላለስ በር ላይ የሆንኩት ግን የኔ ነው። ሁለተኛውን ስጽፍ ስለ መጀመሪያው የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ እነካለሁ፣ በተረፈ የሱን እተውለታለሁ። ከማውጣቴ በፊትም አነብለታለሁ። እንዲያርምልኝ ሳይሆን ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ነው።

ስም ብቀይር ይበቃል? ሕጉስ ምን ይላል?

ስም መቀየር ለማያውቃችሁ አንባቢ ይበቃል። ለሰፈሩ ሰው አይበቃም። «ጎማ ቤት የነበራቸው አንድ ዓይና ሰውዬ» ካላችሁ ስማቸውን ብትጽፉት ይሻል ነበር። ሥራውን፣ ቦታውን፣ መልኩን ለውጡ፤ ለታሪኩ የማያስፈልግ ከሆነ ሰውየውን ጨርሶ አውጡት።

ሕጉን በተመለከተ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው በንግግር ወይም በጽሑፍ የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፣ ክብሩንና የወደፊት ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥል ድርጊትን ያስጠይቃል። የተጻፈው እውነት መሆኑን ማስረዳት መከላከያ ይሆናል፣ ሰውየውን ለመጉዳት ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ግን አይሠራም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት፣ በምስጢር የተላከላችሁን ደብዳቤም ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን መግለጥ ይኸው ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ የድሮ ፍቅረኛ ደብዳቤ ይዛችሁ «ለኔ የተጻፈ ነው፣ የኔ ነው» አትበሉ። ክስ ሊያስነሳ ይችላል የምትሉት ጉዳይ ካለ ጠበቃ አማክሩ።

የበደለኝን ሰው ልጽፈው እፈልጋለሁ። በቀል እንዳይሆን እንዴት ላውቅ?

እያነበባችሁት ያ ሰው ሲያፍር የሚታያችሁ ከሆነ ገና በቀል ላይ ናችሁ። ጻፉት፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት።

የሚረዳ ነገር አንድ አለ። ያ ሰው ደግ የሆነበትን አንድ ቀን ፈልጉ። ሁሌም ይኖራል ማለቴ አይደለም፤ ካለ ግን አስገቡት። የሚደበድብ አባት አንድ ቀን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ጃንሜዳ ጥምቀት ወስዶት ከሆነ፣ ያ ቀን ዱላውን አያቀለውም። እንዲያውም ያከብደዋል፤ ልጁ ለምን ያህል ዓመት አባቱን ሲጠብቅ እንደኖረ አንባቢ የሚገባው ያኔ ነው። የራሳችሁንም ድርሻ አትደብቁ። ድርሻ የሌላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ልጅ ከነበራችሁ፣ ሚዛናዊ ለመምሰል ብላችሁ አትፍጠሩ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢጽፍልኝስ?

ፊደል ያርምላችሁ፣ የተንዛዛውን ያሳያችሁ። ዘነዘናውን ግን አያውቀውም። ካልነገራችሁት «እናቴ ብቸኝነት ተሰማት» ብሎ ነው የሚጽፍላችሁ፣ ያንን ደግሞ ራሳችሁም ጽፋችሁት ነበር። ከነገራችሁት ደግሞ ከባዱን ሥራ ጨርሳችኋል።

ካወጣሁት በኋላ የማላውቃቸው ሰዎች የራሳቸውን ሐዘን ይጽፉልኛል። ምን ልበል?

ይህ ይመጣል፣ ተዘጋጁለት። ስለ ልጃችሁ ሞት ጽፋችሁ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ልጇ የሞተባት ሴት መልእክት ትልካለች፣ ከጽሑፋችሁ የረዘመ። ማንበባችሁን ንገሯት። ከቻላችሁ ከጻፈችው ውስጥ አንዲት ነገር ጠቅሳችሁ መልሱ፣ የልጁን ስም ከነገረቻችሁ ስሙን ጥሩላት፤ ምክር አትስጡ። ሁሉንም መመለስ ካቃታችሁም ቀን ወስኑና በዚያ ቀን ብቻ ክፈቱት፣ እናንተም ገና ሐዘንተኛ ናችሁ። ራሴን አጠፋለሁ የሚል መልእክት ግን እስከዚያ ቀን አይቆይም። ወዲያው መልሱለት፣ አጠገቡ ሰው መኖሩን ጠይቁ፣ ለቤተሰቡ ወይም ለጓደኛው እንዲደውል፣ ወይም እናንተ እንድትደውሉለት ቁጥር እንዲሰጣችሁ ለምኑት፣ ሆስፒታል የሚወስደው ሰው እስኪደርስም አብራችሁት ቆዩ።